አንድ ሚሊ ሊትር ሳሙና በወፍራም ሽሮፕ ውስጥ፦ የአረፋንና የፈሳሽ ክርን ለውጥ በቤት ውስጥ የመለኪያ ዘዴ

እንዶድ ደቁሶ ነጠላ ያጠበ ሰው ሁሉ አረፋ የሚያስነሣውን ነገር በእጁ ያውቀዋል። እንዶዱ ውስጥ ያለው ሳፖኒን፣ በደረቅ ሳሙና ውስጥ ያለው የስብ አሲድ ጨውና በፈሳሽ ሳሙና ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ ውህድ በኬሚስትሪ አንድ የወል ስም አላቸው፤ ሰርፋክታንት ይባላሉ። የሞለኪውላቸው አንዱ ጫፍ ውሃን የሚወድ፣ ሌላው ጫፍ ደግሞ ውሃን የሚሸሽ በመሆኑ፣ ከፈሳሹ ሆድ ይልቅ ፈሳሹና አየር በሚገናኙበት ገጽ ላይ መስፈርን ይመርጣሉ፤ በሰፈሩበትም ቦታ የገጽ ውጥረቱን፣ ማለትም የፈሳሹን ገጽ እንደ ተወጠረ ስስ ቆዳ የሚስበውን ኃይል፣ ይቀንሳሉ። የንጹሕ ውሃ የገጽ ውጥረት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሜትር 72.8 ሚሊ ኒውተን ገደማ ሲሆን፣ በቂ ሳሙና ሲገባበት ወደ 30 አካባቢ ይወርዳል።

ይህን መመሪያ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ አባባል ነው፤ «ሳሙና ሲገባበት ፈሳሹ ይቀጥናል» ይባላል። በአንድ ሊትር ሽሮፕ ውስጥ የሚገባ አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና የሽሮፑን ዝልግልግነት ይህን ያህል አይለውጠውም። የሚለውጠው ቆዳውን ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ የቆዳ ለውጥ ምክንያት ብቻ በሽሮፑ ውስጥ የሚወጣ የአየር አረፋ ይዘገያል፣ ከቱቦ አፍ የሚንጠባጠበው የሽሮፕ ክርም ሳይበጠስ ይቆያል፤ ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ፈሳሹ የቀጠነ ሳይሆን እንዲያውም የወፈረ ይመስላል። ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ደጋግሜ የሞከርኩትን አሠራር ከነወጥመዶቹ ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

በ1851 ጆርጅ ስቶክስ አንድ ጠንካራ ትንሽ ኳስ በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ በዝግታ ሲሄድ የሚገጥመውን ተቃውሞ አሰላ። በ1911 ሃዳማርና ሪብቺንስኪ በየፊናቸው እንዳሳዩት ደግሞ የአየር አረፋ እንደ ጠንካራ ኳስ አይደለም፤ ንጹሕ ከሆነ ቆዳው ራሱ ከአናቱ ወደ ጭራው ይፈስሳል፣ በዙሪያው ያለው ፈሳሽም አብሮት ስለሚንሸራተት ተቃውሞው ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ንጹሕ አረፋ መጠኑ ተመሳሳይ ሆኖ ቆዳው ከማይንቀሳቀስ አረፋ በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ሳሙና ሲኖር ግን የሚፈስሰው ቆዳ የሳሙናውን ሞለኪውሎች ጠርጎ በአረፋው ጭራ ላይ ያከማቻቸዋል። ጭራው ላይ ውጥረቱ ይላላል፣ አናቱ ላይ እንደጠነከረ ይቀራል፤ ጠንካራው ወገን የላላውን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ቆዳው ወደ ታች መፍሰሱን ያቆማል። ይህ ከውጥረት ልዩነት የሚመጣ ጉተታ ከጣሊያናዊው ካርሎ ማራንጎኒ ስም ጋር ተያይዞ ይታወቃል፤ በአረፋ ላይ የሚያደርሰውን መዘግየት ያብራሩት ደግሞ ፍሩምኪንና ሌቪች በ1947 ናቸው።

እንግዲህ የምንፈልገው ቁጥር ግልጽ ነው። የሳሙናማው አረፋ ፍጥነት ለንጹሑ ሲካፈል፣ መጠናቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ ወይም 0.67 መቅረብ አለበት። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ጥንቃቄው የሚበዛው።

ሽሮፑን ማዘጋጀት

2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ያሙቁና ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ ወዲያውኑ ያውርዱ። ረጅም ጊዜ ከፈላ ውሃው ይተናል፣ ሲቀዘቅዝም ስኳሩ ተመልሶ ይረጋል። ከዚህ መጠን ከ2 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ሽሮፕ ይገኛል፤ በ20 ዲግሪ ዝልግልግነቱ ከውሃ 200 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ከታች እንደሚገለጸው መርፌዎቹ ከተተከሉ በኋላ ሁለት አዳዲስ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ውስጥ እኩል ይክፈሉት፤ ቀሪውን ለኋላ ያቆዩት። የምግብ ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የዘይት የገጽ ውጥረት ከመነሻው 30 ገደማ በመሆኑ ሳሙናው ገጹ ላይ ሰፍሮ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ውሃው የታሸገ ቢሆን እመክራለሁ። የድሬዳዋ ውሃ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እንደሚመሰክረው ካልሲየም ይበዛበታል። ካልሲየም ከደረቅ ሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ስለሚፈጥር፣ ሳሙናው ገጹ ላይ ከመድረሱ በፊት ይባክናል። በዚሁ ምክንያት የምንጨምረው ሰርፋክታንት ደረቅ ሳሙና ሳይሆን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይሁን።

ዕቃዎቹን በሳሙና አይጠቡ፤ በሙቅ ውሃ ብቻ ደጋግመው ያለቅልቁ። በጣትዎ ላይ ያለው ቅባት እንኳ የንጹሑን ሽሮፕ ገጽ ያበላሻል። የጀርመኗ አግነስ ፖክልስ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ በቤቷ ማዕድ ቤት የውሃን ገጽ ስትመረምር ኖራ፣ ግኝቷ በ1891 በሎርድ ሬይሊ አማካይነት ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቶላታል። ሥራዋ ዋጋ ያገኘው ገጽን በሚያቆሽሽ ነገር ላይ ባደረገችው ብርቱ ክትትል ነው፤ እኛም በዚህ መንገድ እንድንሄድ እፈልጋለሁ።

ከፋርማሲ ሁለት አዲስ የኢንሱሊን ስሪንጅ ይግዙ። ሽሮፑ ከመሞላቱ በፊት የእያንዳንዱን ሃይላንድ ጎን ከታች ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በመርፌው ይብሱና መርፌውን እዚያው ትተው ዙሪያውን በቀለጠ ሻማ ይድፈኑት። ስሪንጁን በአየር ይሙሉት። በየሃይላንዱ ውስጥ ደግሞ ቀጭን የፕላስቲክ ማስመሪያ ቀጥ አድርገው ያቁሙ፤ ማስመሪያው ውጭ ከሆነ የሃይላንዱ ክብነት እንደ መነጽር ስለሚያጎላ ልኬቱ ይሳሳታል። የአረፋውንም መጠን ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች ይለኩት፤ የሃይላንዱ መነጽርነት በይበልጥ የሚያዛባው አግድሙን ነው።

ከዚያ በአንደኛው ሃይላንድ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና፣ በሁለተኛው ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩ። ውሃው የሚጨመረው በከንቱ አይደለም። ፈሳሽ ሳሙናው በአብዛኛው ውሃ በመሆኑ፣ ሽሮፑን በጥቂቱም ቢሆን የሚያቀጥነው ያ ውሃ ነው፤ ለሁለቱም እኩል ካልሰጠን የውሃውን ሥራ ለሳሙናው እናስቆጥራለን። ሁለቱን በዝግታ ያማስሉ፣ ክዳናቸውን ይግጠሙና ከጉንዳን በሚጠበቅ ቦታ አሳድሩአቸው። በማማሰል የሚገቡት ጥቃቅን አረፋዎች ቶሎ አይወጡም፤ ዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ 20 ሴንቲ ሜትር ለመውጣት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል።

አረፋውን መለካት

ከሁሉ በፊት ሁለቱን ሃይላንድ ውሃ በያዘ አንድ ሳፋ ውስጥ አብረው አስቀምጠው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። ይህን ትእዛዝ እንዳይዘሉት አጥብቄ የምለምነው እኔ ራሴ በመጀመሪያው ሙከራዬ ስለዘለልኩት ነው። ንጹሑን ሽሮፕ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለካሁ፣ ሳሙናማውን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፤ ውጤቴም ሳሙና አረፋን እንደሚያፈጥን የሚናገር ሆነ። ያፈጠነው ሳሙናው አልነበረም። እንዲህ ያለው ሽሮፕ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዝልግልግነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ሳሙና ከሚያመጣው የአንድ ተኩል እጥፍ ለውጥ ይበልጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬዳዋና 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለችው ሐረር በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ሽሮፕ ቢለካባቸው ቁጥሩ የማይገጥመውም በዚህ ነው። ስለዚህ ማነጻጸር የሚቻለው ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለቱን ብቻ ነው፤ የአንዱን ቀን ልኬት ከሌላው ቀን ጋር አያጋጩ።

አሁን የስሪንጁን እጀታ እጅግ በዝግታ እየገፉ አንድ አንድ አረፋ ይልቀቁ። ስልክዎን በመደገፊያ ላይ አጽንተው፣ አረፋውና ማስመሪያው አንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው በቪዲዮ ይቅረጹ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሴንቲ ሜትር አይቁጠሩ፤ ሳሙናው በጭራው ላይ እስኪከማች ጊዜ ያስፈልገዋል። ከዚያ በላይ ያለውን 15 ሴንቲ ሜትር በስንት ሰከንድ እንደጨረሰ ከቪዲዮው ይመዝግቡ። ከየሃይላንዱ አሥር አሥር አረፋ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሁለተኛ ወጥመድ አለ፤ እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛውን እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም ውጤቱ ትክክል መስሎ ስለሚታይ ነው። አረፋ ከመርፌ አፍ ላይ ተለቆ የሚሄደው፣ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ይዞት ያለውን የገጽ ውጥረት ሲያሸንፍ ነው። ሳሙና ውጥረቱን ስለሚቀንስ አረፋው ሳያድግ ቶሎ ይለቃል። ስፋቱ 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ ላይ በስሌት ሲታይ፣ በንጹሑ ሽሮፕ የአረፋው ዲያሜትር 2.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን በሳሙናማው ወደ 1.7 ይወርዳል። ፍጥነት ደግሞ የሚያድገው በዲያሜትሩ ስኩዌር ልክ ነው። ዝልግልግነቱ ከውሃ 200 እጥፍ ከሆነ፣ ንጹሑ አረፋ 15 ሴንቲ ሜትሩን በ6 ሰከንድ ገደማ ሲጨርስ ሳሙናማው ከ14 ሰከንድ በላይ ይቆያል። ከዚህ መዘግየት ውስጥ በቆዳው መቆም የመጣው ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ገደማ ያለው ብቻ ነው፤ ቀሪው አረፋው በማነሱ የመጣ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የእያንዳንዱን አረፋ ፍጥነት ለራሱ ዲያሜትር ስኩዌር ያካፍሉ። ለምሳሌ አረፋው በሰከንድ 26 ሚሊ ሜትር ከሄደና ዲያሜትሩ 2.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ 26 ለ4.84 ሲካፈል 5.4 ይሰጣል። የአሥሩን ንጹሕ አረፋ አማካይ፣ ከዚያም የአሥሩን ሳሙናማ አረፋ አማካይ ይያዙ፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ሲያካፍሉ የሚያገኙት ቁጥር መጠኑ ከውስጡ የወጣለት፣ ስለ ቆዳው ብቻ የሚናገር ቁጥር ነው። ዲያሜትሩን በጥንቃቄ መለካት የሚገባው ስኩዌር ስለሚደረግ ነው፤ በዲያሜትሩ ላይ የተሠራ 5 በመቶ ስሕተት በውጤቱ ላይ 10 በመቶ ይሆናል።

ቁጥሩ 0.67 አካባቢ ከመጣ ሥራው ተሳክቷል። በ0.67 እና በ1 መካከል ከሆነ ቆዳው በከፊል ቆሟል ማለት ነው፤ ወይ ሳሙናው አልበቃም፣ ወይ ንጹሑ ያን ያህል ንጹሕ አልነበረም። በትክክል ወደ 1 ከተጠጋ ግን ጥርጣሬው በንጹሑ ሃይላንድ ላይ ይውደቅ፤ ስኳሩ ራሱ የያዘው ጥቂት ቆሻሻ የትንሽ አረፋን ቆዳ ለማቆም ይበቃል። ቦንድና ኒውተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1928 እንዳስተዋሉት ትንንሽ አረፋዎች እንደ ጠንካራ ኳስ ይሄዳሉ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ያሉት ናቸው ቆዳቸው የሚፈስሰው። ስለዚህ በወፈረ መርፌ ትልልቅ አረፋ እየለቀቁ ንጹሑን እንደገና ይፈትኑት። ቁጥሩ ከ0.67 በጣም ካነሰ ደግሞ ምክንያቱ ሳሙና ሊሆን አይችልም፤ ቆዳው ከቆመ በኋላ ከዚያ በላይ የሚዘገይበት መንገድ የለውምና ወደ ሙቀቱና ወደ ዲያሜትሩ ልኬት ይመለሱ።

ሳሙና በጨመሩ ቁጥር መዘግየቱ እየበዛ እንደሚሄድ ማሰብም ትክክል አይደለም። ጥቂቱ ይበቃል። እንዲያውም ከገጹ ላይ ቶሎ ገብቶ ቶሎ የሚወጣ ሰርፋክታንት እጅግ ሲበዛ፣ በአናቱና በጭራው መካከል ያለው ልዩነት እየጠፋ ቆዳው ዳግመኛ መፍሰስ እንደሚጀምር በቤተ ሙከራ ታይቷል።

የፈሳሹ ክር

ፈሳሽ በክር መልክ ሲወርድ ለምን ወደ ጠብታ ይቆራረጣል? የቤልጅየሙ የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶ በ1873 እንደገለጸው የፈሳሽ ክር ርዝመቱ ከዙሪያው ከበለጠ ቅርጹን ይዞ መቆየት አይችልም፤ የገጽ ውጥረት ቀጭኑን ቦታ የባሰ እያቀጠነ ይበጥሰዋል። ይህ ሕግ የቅርጽ ሕግ በመሆኑ ሳሙና አይሽረውም። ሳሙና የሚለውጠው የሚበጠስበትን ፍጥነት ነው፤ ወፍራም ክር የሚሳሳበት ፍጥነት የገጽ ውጥረቱ ለዝልግልግነቱ ሲካፈል በሚገኘው ቁጥር ልክ ነውና፣ ውጥረቱ ሲቀንስ ክሩ ይቆያል።

ለዚህ የሚያስፈልገው አዲስ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ ነው፤ መቆጣጠሪያ መንኰራኩሩ ፍሰቱን እንደልብ ለማዘግየት ያስችላል። ብዙዎቹ ቱቦዎች በማሸጊያቸው ላይ ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይላሉ፤ ይህ ለውሃ ነው። ሽሮፑ ከውሃ ስለሚከብድ በንጹሑ 25 ገደማ ጠብታ፣ ውጥረቱ በግማሽ በቀነሰው ሳሙናማ ሽሮፕ ደግሞ ወደ 50 የሚጠጋ ጠብታ መቁጠር አለብዎት። መጀመሪያ ቀደም ሲል ያቆዩትን ንጹሕ ሽሮፕ ይልቀቁበት፣ ሳሙናማው ሁልጊዜ ኋላ ይምጣ። ቆጠራውን ማመን ካቃተዎ 20 ጠብታ በወርቅ ቤት ሚዛን ማስመዘን ይቻላል፤ ይህ ከመቁጠርም ይሻላል።

ዋናው ምሥጢር ዝግታ ነው። የሳሙና ሞለኪውል በሽሮፕ ውስጥ የሚጓዘው በውሃ ውስጥ ከሚጓዘው በ200 እጥፍ ገደማ ዘግይቶ ነው። አዲስ የተወለደ ጠብታ ገጹ ባዶ ነው፤ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚሸፈነው ገጽ በሽሮፕ ውስጥ በብዙ ሰከንድ ይሸፈናል። ጠብታዎቹ በፍጥነት ከወረዱ ሳሙናው ሳይደርስባቸው ስለሚወድቁ ከንጹሑ የተለየ ነገር አያዩም፣ «ሳሙናው አይሠራም» ብለውም ይደመድማሉ። እያንዳንዱ ጠብታ ቢያንስ 20 ሰከንድ እንዲንጠለጠል መንኰራኩሩን ያጥብቁት።

ጠብታው ሲለቅ ከኋላው የሚስበውን ክር በስልክዎ የዝግታ ቪዲዮ ይቅረጹ። በስሌት፣ በንጹሑ ሽሮፕ የክሩ ሬዲየስ በመጨረሻዎቹ ቅጽበቶች በሰከንድ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ይሳሳል፤ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሣ ስልክ አንድ ሚሊ ሜትሩ በዘጠኝ ምስል ውስጥ ያልቃል። በሳሙናማው ይህ በእጥፍ ይረዝማል ብለው ቢጠብቁ ትንሽ ያዝናሉ። ክሩ ሲሳብ ገጹ ስለሚለጠጥ በአንገቱ ላይ ያለው ሳሙና ይጠረጋል፣ ከውስጥ የሚተካውም በዝግታ ነው የሚመጣው፤ አንገቱ ወደ ንጹሕ ውጥረቱ እየተመለሰ ይበጠሳል። ስለዚህ መዘግየቱ የሚታየው በክሩ መጀመሪያ ላይ ነው፣ የመጨረሻዋ ቅጽበት ከንጹሑ ጋር ትቀራረባለች። ማር ካለዎት ደግሞ ያለ ዝግታ ቪዲዮ ማየት ይችላሉ፤ ከውሃ 10,000 እጥፍ በሚዘለግ ማር ክሩ የሚሳሳው በሰከንድ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

አረፋ ሲፈነዳ የሚወጣው ጄት

ትንሽ አረፋ በውሃ ገጽ ላይ ሲፈነዳ፣ የተወው ጉድጓድ ከየአቅጣጫው ሲዘጋ ከመካከሉ ቀጭን ጄት፣ ማለትም ተስፈንጣሪ የፈሳሽ ዘንግ፣ ወደ ላይ ይወጣና ጠብታ ይረጫል። አዲስ የተቀዳ ለስላሳ ላይ ፊትን ሲያስጠጉ የሚሰማው ርጭት ይህ ነው። በእኛ ወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ግን ጨርሶ አይታይም፤ 2 ሚሊ ሜትር ለሚያህል አረፋ ዝልግልግነቱ ከውሃ 10 እጥፍ አካባቢ ሲደርስ ጠብታው መረጨቱን ያቆማል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል 400 ግራም ስኳር በ600 ግራም ውሃ ውስጥ በማሟሟት ከውሃ 6 እጥፍ ገደማ የሚዘለግ ቀጭን ሽሮፕ ያዘጋጁ፣ ከዚያም 500 በ500 የሆነውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ሁለተኛው በድንበሩ ላይ ወይም ትንሽ አልፎት ይገኛል።

በየአንዳንዱ ውስጥ በመርፌው አረፋ እየለቀቁ፣ ከገጹ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ደረቅና ንጹሕ መስታወት ይያዙ። ከሠላሳ አረፋ በኋላ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዙረው ነጠብጣቦቹን ይቁጠሩ። ከዚያ በቀጭኑ ሽሮፕ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ሳሙና ጨምረው ይድገሙት። አረፋዎቹ ሳይፈነዱ ገጹ ላይ እንደሚቆዩ ያያሉ፤ ስስ ክዳናቸው በዚያው የውጥረት ልዩነት ተይዞ በዝግታ ስለሚንጠፈጠፍ ነው። ሲፈነዱም ጉድጓዱን የሚዘጉት ሞገዶች ስለሚዳከሙ ጄቱ ብዙውን ጊዜ ያጥራል፣ መስታወቱ ላይ የሚገኘውም ነጠብጣብ ይቀንሳል። ተጠጋግተው የቆሙ አረፋዎች አንዱ ሌላውን እንዳያውከው የቀደመው እስኪፈነዳ ጠብቀው ቀጣዩን ይልቀቁ፤ ሠላሳ አረፋ በዚህ ሁኔታ ግማሽ ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሽሮፑ እንዳይሞቅ ሥራው በማለዳ ወይም በጥላ ቢሆን ይመረጣል።